ወደ ድሬዳዋ ለምትዛወሩ፦ ሳትመጡ ብትሰሙት የምወደው

ወደ ድሬዳዋ ለሚዛወር ሰው አስቀድሞ የሚነገረው ሁለት ነገር ነው። «ሙቀቱ አይቻልም» ይሉታል። «ሰዉ ግን ፍቅር ነው» ይሉታል። ሁለቱም እውነት ነው። ሻንጣ ለሚያዘጋጅ ሰው ግን ብዙ አይጠቅሙትም። ሙቀቱ እንዴት እንደሚቻል፣ ከዚያ ፍቅር ከሆነ ሰው ጋር እንዴት እንደሚግባቡ የሚነግር አይገኝም። እኔም ሳይነገረኝ ነው የመጣሁት። የመጀመሪያው ዓመት በጣም ከበደኝ። ልጄን ይዤ ወደ እናቴ ቤት ለመመለስ ዕቃዬን እስከ መሸከፍ ደርሻለሁ። ዛሬ ድሬ ቤቴ ናት። ከኋላዬ የሚመጣ ሰው ያን ዓመት እንዳያየው ብዬ ነው ይህን የምጽፈው።

ያደግኩት ደብረ ብርሃን ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ድሬ 1,200 ገደማ ላይ። ዓመቱን ሙሉ ጋቢ የለመደ ገላ ይዤ ነው የወረድኩት። ባለቤቴ ሥራ አግኝቶ ቀድሞን ሄደ። እኔና ገና ዳዴ የምትል ልጃችን ግንቦት ውስጥ ተከተልነው።

ግንቦትና ሰኔ ደግሞ ድሬ በጣም የምትሞቅባቸው ወራት ናቸው። ቀን ላይ ከ35 ዲግሪ ማለፍ የተለመደ ነው፤ ሌሊቱም እንደ ልብ አይበርድም። ስለዚህ ከቻላችሁ ጉዞውን ወደ ጥቅምት ግፉት። ከጥቅምት እስከ ጥር ድሬ ሌላ ከተማ ናት። ጠዋቱ ደስ ይላል፤ ማታ ማታ ስስ ነገር ደረብ ቢያደርጉ አይከፋም። በዚያ ወቅት የገባ ሰው ሙቀቱ ቀስ እያለ ሲመጣ ሰውነቱም አብሮ ይለምዳል። መሥሪያ ቤት የቆረጠው ቀን አልለወጥ ካለ አንዳችሁ ቀድማችሁ ሂዱና ቤቱን አሰናዱ። ሕፃንና አዛውንት ኋላ ይምጡ።

ቤት ስል፣ ድሬ ውስጥ ቤት ሲከራዩ መጀመሪያ መታየት ያለበት ጣሪያው ነው። ደላላው ያሳየን ቤት አዲስ ነበር፤ ሴራሚኩ ያብለጨልጫል። ባለቤቴ ያየው በጠዋት ነው፤ በጠዋት ደግሞ ድሬ ውስጥ የማይመች ቤት የለም። ጣሪያው ዝቅ ያለ ቆርቆሮ ነው፤ ኮርኒስ የለውም። መስኮቱ በአንድ በኩል ብቻ ስለሆነ ነፋስ ገብቶ የሚወጣበት የለም። የመኝታ ቤቱ ግድግዳ ወደ ምዕራብ ዞሯል፤ የከሰዓቱን ፀሐይ ሁሉ ሲጠጣ ይውላል። ማታ 4 ሰዓት ላይ መዳፌን ግድግዳው ላይ ሳሳርፍ ይሞቀኝ ነበር። ትራሱ ይሞቃል። ቬንትሌተሩ የሚያመጣልን ያንኑ የሞቀ አየር ነው። መብራት ሲጠፋ እሱም የለም።

ቤት ስታዩ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ሂዱ። ደላላው «ጠዋት ይሻላል» ቢላችሁም በዚያ ሰዓት ሂዱ። ግቡና በሩን ዘግታችሁ ትንሽ ቁሙ። መስኮቶቹ ፊት ለፊት ይተያዩ እንደሆነ እዩ። ግቢው ውስጥ ዛፍ ካለ፣ በተለይ ኒም፣ ለእሱ ሲባል ትንሽ ጨምሮ መክፈል ያዋጣል። ከዚራ በሚባለው ሰፈር አካባቢ ያሉትን የድሮ ቤቶች ልብ ብላችሁ እዩአቸው። ድሬ ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ሲደርስ የተቆረቆረች ከተማ ናት፤ ያኔ ኤሲ የሚባል ነገር አልነበረም። የቀደሙት ሰዎች ግድግዳውን አወፍረው፣ ጣሪያውን ከፍ አድርገው፣ በረንዳ አውጥተው፣ መንገዱን በዛፍ አጥረው ነው ሙቀቱን የቻሉት። እንዲህ ያለ ቤት ኪራዩ ላይቀመስ ይችላል። ግን ምን እንደምትፈልጉ ታውቃላችሁ። እኛ ዓመቱ ሳያልቅ ኮርኒስና በረንዳ ወዳለው፣ ከፊተኛው ያነሰ ቤት ዞርን። እንቅልፍ ተመለሰልን።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ድሬ ቀኑን ለሁለት ከፍላ ነው የምትኖረው። ጎህ ሲቀድ ከተማው ነቅቷል። ገበያው፣ ጽዳቱ፣ ጉዳዩ ሁሉ ሙቀቱ ሳይበረታ ያልቃል። ከ6 ሰዓት ተኩል በኋላ ብዙው ሱቅ ይዘጋል፤ መንገዱ ጭር ይላል። ሰው በልቶ ጋደም ይላል። 10 ሰዓት ገደማ እንደገና በሩ ይከፈታል። 12 ሰዓት ሲሆን ሰው ሁሉ ደጅ ነው። እናቶች ምንጣፍ አንጥፈው በር ላይ ይቀመጣሉ፤ ልጆች መንገዱን ይሞሉታል፤ ከዚራ ዛፎቹ ሥር ወጣቱ ወዲያ ወዲህ ይላል። የዘመድ ጥየቃው፣ የጎረቤት ወሬው፣ ሻዩ፣ ቡናው በዚህ ሰዓት ነው።

ከደጋ የሚመጣ ሰው ግን የደጋውን ሰዓት ይዞ ነው የሚመጣው። ረፋዱ ላይ ቤት ያጸዳል፤ እኩለ ቀን ላይ ምድጃ ላይ ይቆማል፤ 8 ሰዓት ላይ ገበያ ይወጣል። ማታ ሰው ደጅ ሲወጣ እሱ ደክሞት በሩን ዘግቶ ይተኛል። በዚህ ዓይነት ሁለት ጊዜ ይጎዳል። በቀን ሙቀቱ ይገድለዋል፤ ማታ ደግሞ ከሰው ይቀራል። እኔ ሲብስብኝ «እዚህ አገር ሰው የለም እንዴ?» እያልኩ ለእናቴ ስልክ ደውዬ አለቅስ ነበር። ሰው ነበረ። ሰዓታችን ነው የተላለፈው።

ልጄ አንገቷና ብብቷ ሥር የሙቀት ሽፍታ ወጥቶባት ነበር። እንደ አገሬ ልማድ ቫዝሊን እቀባታለሁ፤ ሽፍታው ይብሳል። አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ አዝያት ከሱቅ ስመለስ ጎረቤታችን የሆኑ እናት ከበራቸው ጥላ ብድግ ብለው መጡ። እስከዚያ ድረስ ከእግዚአብሔር ይመስገን ያለፈ አላወራንም። የልጅቷን አንገት ገለጥ አድርገው አዩ።

«አቦ ልጄ፣ በዚህ ሰዓት ማን ይወጣል? ፍየል እንኳ ተኝቷል!»

«ውሃ አልቆብኝ ነው እማማ።»

«ውሃ ቢያልቅብሽ እኛ የለንም? ግቢ በይ። ልጅቷን አምጫት።»

ቤታቸው ሰፊ አይደለም። ግን ሲገቡ ቀዝቀዝ ይላል። መስኮቱ ላይ የረጠበ ነጠላ ተሰቅሏል። ነፋሱ በነጠላው ውስጥ አልፎ ነው የሚገባው። ጠርዙ ሲደርቅ ከባልዲው በጣሳ ውሃ ያርከፈክፉበታል። የድሬ አየር በአብዛኛው ደረቅ ስለሆነ ውሃው ሲተን ሙቀቱን ይዞት ይሄዳል። ልጅቷን ያለ ሳሙና ለብ ባለ ውሃ አጠቧት። ሳይፈትጉ በስስ ጨርቅ ነካ ነካ አድርገው አደረቋት። «ቅባቱን ተዪው» አሉኝ፤ «ላቡ መውጫ አጣ እኮ።» በኋላ ሐኪምም የነገረኝ ይህንኑ ነው። ቅባት የላብ መውጫውን ይደፍነዋል። የሙቀት ሽፍታ የሚፈልገው ነፋስ፣ ውሃና ሰፋ ያለ የጥጥ ልብስ ነው። ልጅቷ ያን ቀን እሳቸው ምንጣፍ ላይ እስከ 10 ሰዓት ተኛች። እንደዚያ ስትተኛ ካየኋት ቆይቼ ነበር።

ከዚያ በኋላ ሰዓቴን ከሳቸው ሰዓት ጋር አስተካከልኩ። ማለዳ 11 ሰዓት ተነስቼ ምጣዴን እጥዳለሁ። ገበያ የምወጣ ከሆነ 1 ሰዓት ላይ ወጥቼ 3 ሰዓት ሳይሞላ እመለሳለሁ። 4 ሰዓት ላይ ምሳ ደርሷል። በሩን በፀሐይ በኩል ዘግቼ በጥላ በኩል እከፍታለሁ። ቀን እንተኛለን። ቀን መተኛት ስንፍና የሚመስላችሁ ሰዎች፣ እዚህ ከመጣችሁ ይህን ሐሳብ እዚያው ተዉት። ልብስም እንደዚሁ ነው። ሴቶች ቤት ውስጥ ስስ የጥጥ ድሪያ ልበሱ፤ ወንዶች ሽርጥ። ጣሪያ ላይ ያለው ሮቶ ውሃ ቀን ላይ ያቃጥላል። ለገላ የሚሆናችሁን ማታ ባልዲ ሞልታችሁ አሳድሩ።

ስለ ወጥ ቤት ትንሽ ልበል። ደብረ ብርሃን ሊጥ ሦስት ቀን ቢቆይ ነው ኩፍ የሚለው። ድሬ ማታ አቡክቼው ያደርኩት ሊጥ ጠዋት ክዳኑን ገፍቶ መሬት ላይ ፈስሶ ጠበቀኝ። እንጀራው ሆምጣጤ ሆነ። መፍትሔው ቀላል ነው። እርሾውን በጣም ቀንሱ፤ በቀዝቃዛ ውሃ አቡኩ፤ ከላይ የሚያቀርረውን ውሃ ቶሎ ቶሎ አፍስሱ። አብሲቱን ሳትዘገዩ ጣሉ። ወጥ ለአንድ ቀን የሚበቃ ብቻ ሥሩ፤ ፍሪጅ ከሌለ ማታና ጠዋት አፍሉት። የድሬ ውሃ ከባድ ነው። ማንቆርቆሪያውና ጀበናው ውስጥ ነጭ ቅርፊት ይሠራል። አትደንግጡ። ሎሚ ጨምቃችሁ ከውሃ ጋር አፍሉት፤ ይለቃል። ቁርስ ደግሞ ሁልጊዜ ቤት መሥራት የለባችሁም። በማለዳ ትኩስ ፉል ወይም ፈቲራ በሻይ በልቶ መመለስ እዚህ ኑሮ ነው። እሳት ሳትነኩ ቀኑን ትጀምራላችሁ።

አሁን የምነግራችሁን በተለይ ልብ በሉልኝ፤ ሕይወት ነው።

ክረምቱ አልፎ መስከረም ላይ ታመምኩ። ጠዋት ልብስ ሳጥብ ነበር። ከሰዓት ከአልጋ መነሳት አቃተኝ። ትኩሳቱ እንደ እሳት ነው። ዓይኔን ወደ ጎን ሳዞር ከጀርባው ይወጋኛል። ወገቤና ጉልበቴ ይቆረጠማል። ባለቤቴ አንድ ክሊኒክ ወሰደኝ። ደሜን በደንብ ሳያዩ «ታይፎይድ ነው» አሉኝ። አንቲባዮቲክና ለሕመሙ የዳይክሎፌናክ መርፌ ታዘዘልኝ። ቤት ስንደርስ እማማ ሊጠይቁኝ መጡ። «ዓይንሽን ከጀርባው ያምሻል?» አሉኝ መጀመሪያ። አዎ ስላቸው መርፌውን ከባለቤቴ እጅ ተቀብለው አስቀመጡት። «ይህ ደንጊ ነው። ሰፈሩን ይዞታል። ይህን መርፌ አትወጊ፤ ትልቁ ሆስፒታል እንሂድ።» ባጃጅ ጠርተው አብረውኝ ሄዱ። ምርመራው እሳቸው እንዳሉት ሆነ።

ደንጊ ድሬ ውስጥ በወረርሽኝ ደረጃ የታየው በ2006 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ እየተመላለሰ ይመጣል። በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ ቺኩንጉንያ ገብቶ ብዙ ሺህ ሰው በመገጣጠሚያ ሕመም አልጋ ላይ ጥሏል። ሁለቱንም የምታስተላልፈው ትንኝ አንድ ናት። ጥቁር ሆና እግሯ ላይ ነጭ ነጭ ቀለበት አላት። የምትነክሰው በቀን ነው፤ በተለይ ጠዋትና አመሻሽ ላይ። ስለዚህ ማታ አጎበር መግባት ብቻ አይበቃም። ቀን የሚተኛውንም ሕፃን አጎበር ውስጥ አስተኙት።

ይህች ትንኝ የምትራባው ረግረግ ውስጥ አይደለም። ቤታችን ውስጥ ባጠራቀምነው ንጹሕ ውሃ ነው። ውሃ ስለሚቆራረጥ ሁላችንም በርሜልና ጀሪካን እንሞላለን። በርሜሉ በደንብ ይከደን። በየሳምንቱ ባዶ አድርጋችሁ የውስጥ ግድግዳውን በብሩሽ ፈትጉት። ውሃውን መድፋት ብቻ ዋጋ የለውም። እንቁላሏ ግድግዳው ላይ ተጣብቆ ለወራት ደርቆ ይቆይና ውሃ ሲያገኝ ይፈለፈላል። የአበባ ማሰሮ ሳህን፣ የተጣለ ጎማ ሳይቀር ውሃ የሚይዝ ነገር ሁሉ ይታይ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በርሜል ውስጥ መድኃኒት ሊጨምሩ ሲመጡ በር አትዝጉባቸው።

ድንገተኛ ትኩሳት ከያዛችሁ ለሕመሙ ፓራሲታሞል ብቻ ውሰዱ። አስፕሪን፣ አይቡፕሮፌን፣ ዳይክሎፌናክ በደንጊ ላይ ደም መፍሰስን ያባብሳሉ። ውሃ፣ ኦአርኤስ፣ ሾርባ በብዛት ጠጡ። ትኩሳቱ ሲበርድ «ተሻለኝ» ብላችሁ አትዘናጉ። አደገኛው ጊዜ አንዳንዴ የሚጀምረው ያኔ ነው። ሆድ በኃይል ካመማችሁ፣ ማስመለስ ካላቆመ፣ ድድ ወይም አፍንጫ ከደማ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ሂዱ። ወባንም አብራችሁ ተመርመሩ። «በጋ ነው፣ ወባ የለም» የሚለው ድሬ ላይ አይሠራም። በ2014 ዓ.ም. በደረቁ ወቅት ወባ ከተማው ውስጥ ተዛምቶ ነበር። ምክንያቱም አኖፊለስ ስቴፈንሲ የምትባለው ከሌላ አገር የገባች የወባ ትንኝ ናት። እሷም በበርሜልና በሮቶ ውሃ መራባት ትችላለች።

ታምሜ በተኛሁባቸው ቀናት ነው ድሬን ያወቅኳት። ልጄ ከቤት ቤት ስትዞር ትውላለች፤ በልታ፣ ታጥባ፣ ጸጉሯ ተሠርቶ ትመለሳለች። አንዷ ሾርባ ታመጣለች፤ ሌላዋ ሐብሐብ ቆርጣ ትልካለች። ስማቸውን እንኳ በቅጡ የማላውቃቸው ሰዎች በራፌ ላይ ጫማቸውን አውልቀው እየገቡ ግንባሬን ይዳብሱኛል። ኦሮሞው፣ ሶማሌው፣ አማራው፣ ሐረሪው፣ ጉራጌው አንድ ግቢ ውስጥ ነው የሚኖረው። ሳገግም ሻንጣዬን ፈታሁት።

ከሰው ጋር ለመግባባት አጀማመሩ እንዲህ ነው። ማታ በራችሁን ክፈቱና ውጡ። ሌላ ምንም አያስፈልግም። ወንበርም ይሁን ምንጣፍ ይዛችሁ በር ላይ ተቀመጡ፤ ሰላም በሉ። ሳያውቋችሁ ቀድመው ያናግሯችኋል። ትልቁም ትንሹም «አንተ»፣ «አንቺ» ይላችኋል። ድሬ እንደዚያው ናት፤ ንቀት አይደለም። ዘር መጠየቅ፣ ሃይማኖት መጠየቅ ግን እንግዳ የሚያስብል ነገር ነው፤ ተዉት።

ጎረቤት ምግብ ሲልክ ሳህኑን ባዶውን አትመልሱ። ፍራፍሬም፣ ዳቦም፣ ቡናም ይሁን የሆነ ነገር አድርጉበት። ክርስቲያን ሆናችሁ ሙስሊም ጎረቤት ስትጠሩ ሥጋውን ለእነሱ ለብቻ፣ በእነሱ እጅ ታርዶ፣ በእነሱ ዕቃ ይሠራ። ቀድማችሁ ለአንዷ ጎረቤት ንገሯት፤ ኃላፊነቱን ትወስድላችኋለች። በረመዳን ቀን ቀን መንገድ ላይ አትብሉ፤ አትጠጡ። ማታ ግን የማፍጠሪያው ሰዓት ሲደርስ ሳምቡሳ፣ ቴምርና ሾርባ ከየአቅጣጫው ይመጣላችኋል። እናንተም በፋሲካና በመስቀል ድፎ ዳቦ ቁረሱና በየቤቱ ላኩ።

በመጀመሪያዎቹ ወራት ውስጥ የሰፈሩን ዕድር ወይም እንደ ዕድር ያለውን አፎሻ ጠይቃችሁ ግቡ። «ለጥቂት ዓመት ነው የመጣነው» ብላችሁ አታቆዩት። ክፍያው ትንሽ ነው። ሐዘን ቀጠሮ አይሰጥም። አፎሻ ውስጥ ያለ ሰው ድሬ ውስጥ ብቻውን አይደለም።

ስለ ጫት ሳልናገር ባልፍ ሐቀኛ አልሆንም። ምሳ ከተበላ በኋላ በርጫ፣ ማለትም አብሮ ተቀምጦ መቃም፣ አለ። ብዙ ወዳጅነትና ብዙ ጉዳይ እዚያ ነው የሚያልቀው። ባለቤቴም መጀመሪያ «ካልቃማችሁ ሰው አትሆኑም» ተብሎ ነበር። ሐሰት ነው። አለመቃም ይቻላል። ሻይ ይዞ ተቀምጦ፣ ተጫውቶ፣ ሰዓቱ ሲደርስ የሚነሳ ሰው ይከበራል። አንድ ጊዜ «እኔ አልቅምም» ካላችሁ ማንም ደግሞ አይገፋችሁም። ልጅ ለዩኒቨርሲቲ ወደ ድሬ ወይም ሐረማያ የምትልኩ ወላጆች ይህን ከመላካችሁ በፊት ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩበት። ብቸኝነት ያለበት ወጣት መጀመሪያ የሚያገኘው ጓደኛ የሚቅም ከሆነ፣ ሙሉው ከሰዓት እዚያ ይቀራል። ገንዘቡም እንደዚያው። ኳስ ሜዳም፣ ሰንበት ትምህርት ቤትም፣ መስጊድም ይሁን ሌላ የከሰዓት ቦታ ቀድመው ይያዙ።

ደቻቱን ተጠንቀቁ። ከተማዋን ከዚራና መጋላ ብሎ የሚከፍለው ወንዝ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው። ሰው ያቋርጠዋል፤ ይነግድበታል፤ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። እንግዳ ሰው ወንዝ መሆኑንም አያስተውልም። ግን ጎርፉ የሚመጣው ከላይ ከተራራው ነው። ድሬ ላይ ጠብታ ሳይወርድ ሊደርስ ይችላል። ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት የመጣው ከ200 በላይ ሰው ወስዷል፤ ብዙዎቹ ተኝተው ነበር። ከከተማው በላይ ባለው በደንገጎ ተራራ በኩል ሰማዩ ከጠቆረ አሸዋው ውስጥ አትግቡ፤ መኪና አታቁሙ። ዳር ላይ የሚነግዱት ሴቶች ዕቃቸውን መሰብሰብ ከጀመሩ ምንም ሳትጠይቁ ውጡ። ቤት ስትከራዩም ቦታው ያን ሌሊት ውሃ ገብቶበት እንደሆነ የሰፈሩን አዛውንት ጠይቁ። ደላላ ይህን አይነግራችሁም።

ገበያ ከሆነ ቀፊራ ነው። በማለዳ ሂዱ። ከገጠር የሚመጡት ሴቶች አትክልቱን ትኩሱን ይዘው ሲገቡ ደስ ይላል፤ ግመል እንጨት ጭኖ በመካከል ያልፋል። ማንጎ፣ ፓፓያ፣ ጊሽጣ፣ በወቅቱ በለስ ታገኛላችሁ። ሻጯ በአንድ ትንፋሽ ኦሮምኛ፣ ሶማልኛና አማርኛ ትናገራለች። በኦሮምኛ «ሜቃ?»፣ በሶማልኛ «ኢምሳ?» ብላችሁ ዋጋ ጠይቁ። ፊቷ ሲበራ ታያላችሁ። የድሬው ልጅ አሊ ቢራ በኦሮምኛ፣ በአማርኛ፣ በሐረሪ፣ በሶማልኛና በዐረብኛ መዝፈኑ ለዚህች ከተማ ሰው አይገርመውም። ልጄ አሁን ከሰፈር ልጆች ጋር ስትጫወት ሦስት ቋንቋ ትቀላቅላለች። እኔ ግማሹን አልሰማም፤ ደስ እያለኝ ዝም እላለሁ።

ሙቀቱ በጣም በጸናባችሁ ሳምንት መውጫ አለ። በሚኒባስ የደንገጎን ዳገት ውጡ። አየሩ ከመታጠፊያ ወደ መታጠፊያ ሲለወጥ ይሰማችኋል። ሐረማያን አልፋችሁ ሐረር ስትደርሱ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናችሁ። ጀጎል ውስጥ በእግር ዙሩ፤ አንድ ሌሊት እደሩ፤ ጥሩ እንቅልፍ ተኝታችሁ ተመለሱ። ሕፃን ያላችሁ በተለይ በግንቦት ይህን አትለፉት። እኛ ከሁለተኛው ዓመት ጀምሮ በየግንቦቱ እናደርገዋለን።

ስለዚህ ወፍራም ልብሳችሁን በሙሉ ለዘመድ አታከፋፍሉ። ብርድ ልብሱንና ትልቁን ፍራሽ ተዉት፤ ጋቢውን ያዙ። ለሐረር ይሆናል፤ ለቁልቢ ደግሞ ግድ ነው። ታኅሣሥ 19 ሌሊቱን ቁልቢ ገብርኤል የሚያድር ሰው ከድሬ በስስ ሸሚዝ ወጥቶ ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ። በዚያ ሰሞንና በሐምሌ 19 ከአገሩ ሁሉ ሰው ይመጣል። ድሬ ላይ አልጋ አይገኝም፤ የሚኒባስ ዋጋ ይጨምራል። እንግዳ የምትቀበሉ ከሆነ አልጋውንም መኪናውንም ሳምንታት ቀድማችሁ ያዙ። ዘመዶቻችሁ የቁልቢን ሰሞን ጠብቀው ዕቃ ሊያደርሱላችሁ ካሰቡም ቀኑን አስለውጧቸው።